«አለ» ሲላላና ሲጠብቅ

አዲስ አበባ
ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሀኒያ፣

«እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አላነብም እያልኩ ክፍል ውስጥ ያስቸገርኳችሁ እኔው ነኝ። ደግሞስ ለጤናዬ ደህና ብሆን ቦንጋን ትቼ እዚህ ምን እሠራለሁ? ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጠየቅሽኝ ልግባ።

አዎ፣ ልቤ ነው። ያ ዳገቱን ስወጣ ደረቴን ጨምቆ የሚያስቆመኝ፣ እናትሽ ራሕመት «ብርድ ነው» ብላ ዝንጅብል ያፈላችልኝ፣ አባትሽ ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ የሳቀብኝ ነገር የልብ ሆኖ ተገኘ። ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሦስቱ ጠበዋል። ሐኪሙ ፎቶውን አሳይቶኝ «መድኃኒት ብቻውን አይበቃዎትም፤ ባይፓስ ያስፈልግዎታል» አለኝ። ከእግሬ ላይ የደም ሥር ወስደው፣ ከጠበበው ቦታ በላይና በታች ሰፍተው፣ ደሙ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋሉ ማለት ነው። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር ሆነው በታኅሣሥ ይሠራሉ፤ እኔም ተራ ተይዞልኛል። ፈርም ሲሉኝ ግን «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ስልክ የማላነሣው ስልኬ እህቴ ይመኙሻል ቦርሳ ውስጥ ስላለ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎ ቢነግራት ቤቱን ገዳም አደረገችው። ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ትዘጋለች። ትናንት ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ስትሄድ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላኝ ወጣች። ጥቁር ለብሶ ገበያ የሚሄድ ሰው አይቼ ባላውቅም፣ ደስ ይበላት ብዬ «በደህና ተመለሺ» አልኳት።

ይህን እንደ ወትሮው ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ቁርኣኑን እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው፣ የአማርኛውን ፊደል ግን «መ» ላይ ሲደርስ «ይበቃኛል» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። የቤቴ ቁልፍ እሱ ጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ይክፈትልኝ።

እርማት፦ «ሐኪም» በሐመሩ ሐ እንጂ በሃሌታው ሀ አይጻፍም። ቢሮ ገብተሽ ጸሐፊ ሆነሻል፤ ታሳፍሪኛለሽ።

መምህርሽ ቢሻው


ቦንጋ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን የአውቶቡሱ ሹፌር አደረሰልን። ለአባባ ያነበብኩለት ሱቁ በር ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። በእርስዎ ቦታ ሰው እንዳይቀመጥበት የጨው ጆንያ አስቀምጦበታል። «ቢሻው በሐኪም ጨው ስለተከለከለ በቦታው ጨው ተካሁለት» ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ።

እስከ መጨረሻው ሰማና «ጻፊ» አለኝ። እንዳለው ነው የምጽፈው፤ እኔን እንዳይቀየሙ።

«ቢሻው፣ አንተ ሰውዬ ከትምህርት ቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም። እኔ ማንኪራ ድረስ ለማር በእግሬ ስመላለስ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ደብተር ታርማለህ። እግርህ ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈት ነው። አሁን ልብህ ውስጥ አስገብተው ያሠሩታል ካሉ ደግ አደረጉ። ይሥራ!»

ከዚያ ባይፓስ ምን እንደሆነ ላስረዳው ስል እሱ አስረዳኝ። «ማንኪራ ጫካ ውስጥ ትልቅ ዛፍ መንገድ ላይ ይወድቃል። ማን ይቆርጠዋል? ማንም። ፊት የመጣው ሰው ይዞረዋል፤ ሌላው የሱን ዱካ ይከተላል። ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ዙሪያው ይሆናል። ዛፉ እዚያው ተኝቷል፤ ሰውም ይሄዳል። ለዚህ ነው ቢሻው የሚንቀጠቀጠው?» አለ። እውነት እንደዚህ ነው ጋሼ?

ሱቁ ውስጥም አባባ አልተለወጠም። አዲሱን የወረዳ ኃላፊ ከነክራባታቸው «አንተ፣ ምን ልስጥህ?» ብሎ አስደነገጣቸው። እማዬ ስትቆጣው «አንቱ የሚባል ዕቃ ሱቄ ውስጥ ኖሮ አያውቅም» አላት። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ሰምቼ «አባባ፣ ይብሉ» ስለው፣ ተቀይሞ እጁን ከትሪው ያነሣ ጊዜ እርስዎም ነበሩ፤ ያስታውሳሉ።

መስኮትዎን ጠዋት ጠዋት ይከፍታል። ቤት ሰው ካልተነፈሰበት ይታመማል እያለ ትንሽ ተቀምጦበት ነው የሚወጣው።

ይፈርም፣ አባባ አለ።

ሀኒያ


አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሀኒያ፣

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍሽውን ጥያቄ ለአባትሽ እንዳላነበብሽለት ገብቶኛል። መልሱንም ከፈለግሽ ዝለይው።

አይመታም። ያቆሙታል። እኔም እንዳንቺ «እየመታ እንዴት ይሰፋል?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሣለልኝ። የደረቴን አጥንት መሐል ለመሐል ይከፍቱታል። ደሜን አንድ ማሽን ይቀበለዋል፤ አየር ሰጥቶ ወደ ሰውነቴ ይመልሰዋል። ልቤ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ ይተኛል፤ እነሱ ይሰፋሉ። ሲጨርሱ ያስነሡታል። «አልነሣም ቢልስ?» አልኩት። «አልፎ አልፎ ያስቸግራል» አለኝ። ልጁ መዋሸት አይችልበትም። «ቀዶ ጥገናውን ባላደርግስ?» ስለው ደግሞ፣ ዓመቱን መጨረሴን እንደሚጠራጠር ሳይሸሽግ ነገረኝ።

ደንግጠን «ልቤ ቆመ» ስንል ስንት ጊዜ ኖርን፤ ቃሉ ግን እውነት ሊሆን ነው። ልቤ ቆሞ ሳለ እኔ የት ነው የምቆየው? ይህን ሐኪሙን መጠየቅ አፈርኩ። እፈራለሁ ሀኒያ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ለተማሪው እንዲህ ብሎ መጻፍ አያምርበትም፤ ግን እፈራለሁ።

ስለዚህ አልፈርምም። መድኃኒቴን ይዤ ከገና በፊት እመለሳለሁ። ዳገቱን አልወጣም፤ አባትሽ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ። የዛፉ ነገር ትክክል ነው በይው፤ ሐኪሙም ሰምቶ ወዶታል። ቢሆንም ከሚያርዱኝ ሰዎች መሐል ሆኜ ከምሞት ከጨው ጆንያው ጎን ብሞት ይሻለኛል። አንቺንም ቢሆን የሚቆጣሽ አባትሽ ተማም አለልሽ፤ ስለዚያ አላስብም።

እርማት አይሉት ጨዋታ፦ «ይፈርም፣ አባባ አለ» ብለሽ ጨርሰሻል። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩሽን ታስታውሻለሽ? «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል፣ አጠገብ ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ የሚለየው አንባቢው ነው። እኔ መጀመሪያ አጥብቄ አነበብኩት። ይፈርም፤ አባባ አለ፤ ምን ያስፈራዋል እንደማለት። ደስ አለኝ፤ ግን ለመፈረም አልበቃኝም።

ቢሻው


ቦንጋ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ቢሻው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ለደብዳቤዎ ቶሎ ባለመመለሴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮ ሥራ በዝቶብን ነበር። ስልክም እንዳልደውል ኔትወርኩ አስቸግሮናል።

አባባ ደብዳቤዎን ሰምተዋል። አለመፈረምዎን አልወደዱትም። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሐኪም ያለህን ስማ» ብለዋል። ሰላምታም አቅርበዋል።

ሱቁ ለጥቂት ቀን ተዘግቶ ነበር። የዕቃ ቆጠራ ስለነበረብን ነው፤ አሁን ተከፍቷል። አግዳሚውን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ወደ ውስጥ አስገብተነዋል። እማዬ ሰላም ብላለች። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ስለተዘጋ ብዙ አታወራም። መስኮትዎ ይከፈታል።

እባክዎ ጋሼ፣ ይፈርሙ። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ለገና አይምጡ፤ ተሠርተው ይምጡ። እባክዎ።

ሀኒያ ተማም


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሀኒያ፣ ልጄ፣

ፈርሜያለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ጠዋት ሄጄ ፈረምኩ። ይመኙሻል ደስታዋን መያዝ አቅቷት ስልኬን መልሳልኝ ነበር፤ እኔ ግን አንቺው ጋ ይቀመጥ አልኳት።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አታንብቢው፤ ላንቺ ብቻ ነው። እህል ቅመሺ። እናትሽን ብቻዋን አታሳድሪያት፤ ጉንፋን ክፉ ነው። ሰው ሲመጣ አስተናግደሽ ስታበቂ አንቺም አረፍ በይ። መስኮቴን ካሁን በኋላ አንቺ ክፈቺው፤ ከፍተሽም ትንሽ ተቀመጪበት። እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አያይሽም።

ለአባትሽ በደብዳቤ የምልክበት ነገር የለኝም። ስመጣ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ዛሬ እርማት የለሽም።

ቢሻው


ቦንጋ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እትዬ ይመኙሻል ቢሮ ድረስ ደውለው «ልቡ ተነሣ!» ሲሉኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ኃላፊዬ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ደነገጡ። እማዬ በሰማችበት ግንባሯን ምድር አስነክታ ሱጁድ ወረደች። አባባም እጅግ ደስ ብሏቸዋል።

እስክሪብቶ መያዝ ሲችሉ ሁሉንም ይጻፉልኝ። ያምማል? ሲነቁ ምን አዩ? ያው ልብዎ ነው ወይስ ሌላ ይመስላል? አሁን ግን ይተኙ።

ሀኒያ


አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሀኒያ፣

ገና አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ለዛሬ ጽሕፈቴን አትታዘቢው።

ስነቃ ምንም አላየሁም፤ ሰማሁ። ይመኙሻል ስሜን ትጠራለች። ልመልስላት ብል ጉሮሮዬ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አለ። ዕድሜውን በሙሉ ሲለፈልፍ ለኖረ መምህር ትልቅ ቅጣት ነው። ደረቴን በሽቦ ነው የገጠሙት። በጣም የፈራሁት እሱን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከደረቴ ይልቅ ሥሩ የተወሰደበት እግሬ ነው የሚነዘንዘኝ፤ ሥራ አልለመደማ። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ አቅፌ ነው የምስለው፤ ያለ ትራስ ለሁለት የምከፈል ይመስለኛል። ኳስ ያለባት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተውኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ እየሳብኩ ኳሷን አስነሣለሁ። ለሳንባ ነው ይላሉ። ከባድ ነገር ማንሣት እስከ ፋሲካ ክልክል ነው። ልቤ ያው የድሮው ነው። አሮጌዎቹ መንገዶች እንደተደፈኑ እዚያው ናቸው፤ ደሙ ዞሮ ያልፋል።

እንባዬም ይመጣል። ነርሷ «ልባቸውን የተሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳቸዋል፤ አያስቡ» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። እኔ ግን ምክንያት አለኝ።

አሁን እርማቴን ልስጥሽ። በታኅሣሥ ደብዳቤሽ ላይ አንድ ስሕተት ነበረ፤ ያን ጊዜ አይቼ አለፍኩት። «አባባ ሰምተዋል፣ አባባ ብለዋል» ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ አባትሽን አንቱ ብለሽው አታውቂም። «አንቱ የምትሉኝ የቀበራችሁኝ ዕለት ነው» ሲል እኔም አንቺም ሰምተነዋል። ያ አማርኛ የለቅሶ ቤት አማርኛ ነው። «ተማም ደግ ነበሩ፣ ተማም እንዲህ ያደርጉ ነበር» ሲባል የዋለ ጆሮ ነው ያን የጻፈው። ይመኙሻልን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ጥቁር ለብሳ ገበያ ትሄድብኝ ነበር።

እናንተ «ይህን ከሰማ ልቡ አይችልም» አላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ የዚያን ዕለት ይመኙሻል እንዳትሰማኝ ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። እስከዚያ ድረስ መሞት ይቀለኝ ነበር። ራሕመትን የሚያስቃት፣ አንቺን የሚቆጣሽ ተማም አለ እያልኩ እጽናና ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ግን፣ እሱም ሄዶ እኔም ከሄድኩ ያ አግዳሚ የማን ነው? የአባትሽን ነገር እንዳለ አስታውሶ የሚያጫውትሽ ማን ይቀራል? አልኩ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ሄጄ ፈረምኩ።

ማወቄን ያልነገርኩሽ፣ ለእኔ ብለሽ እንባሽን ውጠሽ የጻፍሽውን ላፈርስብሽ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ይበቃሻል። አልቅሺ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ በእናንተም ወግ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ፣ ለሱም ጀነቱን ይስጠው። የልብ ወዳጄ ነበር። አፍ አውጥቼ ብዬው አላውቅም፤ ብነግረውም ይስቅብኝ ነበር።

የወደቀውን ዛፍ ማናችንም አናነሣውም። አብረን እንዞረዋለን።

እርማት፦ አባትሽን አንተ በይው። ሞተ ተብሎ አባት አንቱ አይሆንም።

ቢሻው


ቦንጋ
ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መሐል ላይ ሳቆም «ቀጥይ» አለችኝ። ከዚያ እኔና እሷ እስኪበቃን አለቀስን። አባባ ከተቀበረ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም። ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኛ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ከዋጫ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ዝናብ መታው። በማግሥቱ ትኩሳት ያዘው፤ ሐኪም ቤት ስናስገባው ሳንባ ምች ነው አሉን። አልፈርምም ያሉበት ደብዳቤ የደረሰኝ ተኝቶ ሳለ ነው። አላነብለትም ብዬ ነበር፤ ሹፌሩ ሐኪም ቤት ድረስ ሲያመጣልኝ በመስኮት አይቶት ኖሮ «የቢሻውን አምጪ» አለኝ። ጠርዙ ላይ የጠየቅኩትን ጭምር ምንም ሳልዘል አነበብኩለት።

«ልቤ ቆሞ ሳለ የት እቆያለሁ» ያሉት ጋ ስደርስ ሳቀ። ትንፋሽ ስላነሰው ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። «እኔ ጋ ይቆያል በይው» አለ። ጋሼ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር። የቃዠ መስሎኝ ግንባሩን ዳበስኩት።

ሌሊቱን እማዬን ጠርቶ «ለቢሻው እንዳትነግሩት። ልቡ እስኪሰፋ ድረስ እኔ አልሞትኩም» አለ። ስለዚህ የዋሸሁዎት በትእዛዝ ነው። «ወንድሜ» ያስባልኩት ግን የራሴ ፈጠራ ነው፤ እሱ ቢሰማ «መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። አንቱውንም ሳላውቀው ነው የጻፍኩት። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንቱ ሲለው ዋለ፤ ሲሉ ሰምታ እንደተባለችው ዶሮ ሆንኩልዎ። አሁን እንዳዘዙኝ አንተ እለዋለሁ። መቃብሩ ጋ ሄጄም «አባባ፣ የጋሼ ልብ ተሰፋልህ፤ ከእንግዲህ እንደፈለግህ ሁን» አልኩት።

አግዳሚውን ዛሬ ወደ ደጅ መልሰነዋል። የእርስዎን ቦታ ባዶ ትተንልዎ የጨው ጆንያውን በሱ ቦታ አስቀመጥነው። የገበያው ሰው እያየ ያልፋል፤ አንዱም አንሡት አላለንም። እማዬ ጨው የሌለው ሽሮ ስትለማመድ ሰንብታለች፤ አይጥምም፣ ግን ይበሉታል። ዳገቱን በመኪና እናስወጣዎታለን። ትራስዎን ይዘው ይምጡ፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።

እማዬ አሁን አጠገቤ ሆና «የመጨረሻዋን አልነገርሽውም እኮ» ትለኛለች። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ከንፈሩ ላይ ጆሮዬን ባደርግ አንዲት ቃል ብቻ ሰማሁ።

ይምጣ፣ አባባ አለ።

እርስዎ እንደወደዱ ያንብቡት። እኔ አጥብቄ ነው የጻፍኩት።

ሀኒያ